ውሃ ጠፋ ማለት ተዘጋ ማለት አይደለም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተከራይቼ ነው የምኖረው። የኩሽናው ቧንቧ አጥብቄ ዘግቼውም ጠብ ጠብ ይላል። የሽንት ቤቱ ታንከር ደግሞ ውሃ በመጣ ቁጥር ሌሊቱን ሙሉ ሲንሿሿ ያድራል። ለአከራዬ ስነግራቸው «አንቺው አሠሪው» አሉኝ። ያመጣሁት ባለሙያ ሁለቱም ሙሉ በሙሉ መቀየር አለባቸው ብሎ የጠራው ዋጋ ከአቅሜ በላይ ነው። ራሴ ልሞክረው ወይስ ይቅርብኝ? ውሃ የሚመጣልን በሳምንት ሁለት ቀን ስለሆነ በሌለ ቀን ብሠራው አይሻልም?

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱንም ራስሽ መሥራት ትችያለሽ። ግን ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፤ ሰው ቤቱን በውሃ የሚያጥለቀልቀው እዚያ ጋ ተሳስቶ ነው። ውሃ ጠፋ ማለት ተዘጋ ማለት አይደለም። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት ውሃ በሌለበት ቀን የቧንቧውን ራስ ፈታሁና ዕቃ ልገዛ ወጣሁ፤ ሱቁ ዝግ ሆኖ ሲጠብቀኝ «ነገ እጨርሰዋለሁ» ብዬ ተኛሁ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፈረቃችን ደረሰ። የቀሰቀሱኝ የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ ናቸው፣ በሩን እየደበደቡ። የልጆቻቸው ፍራሽ ርሶ ነበር። ከዚያ ወዲህ መዝጊያውን በእጄ ሳልዘጋና ሳልፈትነው አንዲት ብሎን አልነካም።

ስለዚህ ሥራሽን ውሃ ባለበት ቀን ጀምሪ። የቤትሽ መዝጊያ ከቆጣሪሽ አጠገብ ወይም መታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ይሆናል። ዝጊውና የኩሽናውን ቧንቧ ክፈቺ። እየቀጠነ ሄዶ ቀጥ ማለት አለበት። ካልቆመ ወይ መዝጊያው አርጅቷል፣ ወይ ውሃው ከሮቶ እየወረደ ነው። ሮቶ ካላችሁ የራሱ መስመርና የራሱ መዝጊያ አለው፤ ሁለቱም መዘጋት አለባቸው። ውሃው ቀጥ ካላለ ሥራውን አትጀምሪው፣ መጀመሪያ መዝጊያው ይቀየር። ቆጣሪውን ግን እንዳትነኪ፣ እሱ የውሃና ፍሳሽ ንብረት ነው።

አሁን ወደ ቧንቧው። ባለ አንድ እጀታና እየተጠመዘዘ የሚዘጋ ከሆነ፣ የሚያንጠባጥበው ብዙ ጊዜ ውስጡ ያለችው ትንሽ ጎማ ስላለቀች ነው። ካቻቢቴ፣ መፍቻና አሮጌ ጨርቅ ይበቃሻል። ብሎን ወድቆ እንዳይጠፋብሽ የሲንኩን ቀዳዳ በጨርቅ ድፈኚው። እጀታው አናት ላይ ያለችውን ክዳን አንሺ፣ ከሥሯ ያለውን ብሎን ፍቺ፣ እጀታውን ሳቢው። ቀጥሎ ያለውን ትልቁን ራስ በጨርቅ ጠቅልለሽ በመፍቻ ወደ ግራ አዙሪው፣ ጨርቁ ከሌለ ኒኬሉን ይፍቀዋል። የወጣውን ራስ እንዳለ ይዘሽ ወደ ዕቃ መሸጫው ሂጂ። «የቧንቧ ጎማ ስጠኝ» ብለሽ ባዶ እጅሽን ከሄድሽ የማይገጥም ይዘሽ ትመለሻለሽ፣ መጠኑ ብዙ ዓይነት ነውና። ጎማዋ ለብቻዋ ካልተገኘች ራሱን ሙሉ ግዢ። እጀታው ወደ ላይና ወደ ታች የሚል፣ ሙቅና ቀዝቃዛ የሚቀላቅል ዓይነት ከሆነ ደግሞ ጎማ የለውም፤ ውስጡ ያለው ካርትሪጅ የሚባለው ክፍል ነው የሚቀየረው።

ከመግጠምሽ በፊት ጎማዋ የምትቀመጥበትን ቦታ በጣትሽ ዳብሺው። ነጭ ጨው ከጋገረበት አቼቶ በነካ ጨርቅ ጥረጊው። ተቦርቡሮ ከሆነ ግን አዲስ ጎማም አያድነውም፣ እዚህ ላይ ባለሙያሽ ልክ ነው፣ ቧንቧው መቀየር አለበት። ሰውዬው ሊያታልልሽ ፈልጎ ነው አልልም። ፈትቶ ሳያይ «ሁሉም ይቀየር» ማለቱን ግን አልወደድኩለትም። በየሰከንዱ አንዲት ጠብታ በቀን 86,400 ጠብታ ናት፣ ጠብታዋ ትልቅ ከሆነች ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ልትሞላ ትችላለች፤ በሳምንት ሁለት ቀን ውሃ ለሚያገኝ ቤት ይህ ቀላል አይደለም።

አሁን ወደ ሽንት ቤቱ፦ የታንከሩን ክዳን አንሺና ውስጡን እዪ። ውሃው በመሐል በቆመችው ቱቦ አፍ ላይ እየፈሰሰ ከሆነ ብዙ ጊዜ ተንሳፋፊው ከፍ ብሏል ማለት ነው። ውሃው ከቱቦዋ አፍ ሁለት ሦስት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ እንዲቆም በብሎኗ ዝቅ አድርጊው። ደረጃው ትክክል ሆኖ ከተንሿሿ ችግሩ ከታች ያለው ጎማ ነው። ለማረጋገጥ የቀዘቀዘ ጥቁር ሻይ ታንከሩ ውስጥ ጨምሪና ግማሽ ሰዓት ሳትለቂው ቆዪ። ሻዩ መቀመጫው ውስጥ ከታየ ጎማው ያሳልፋል። አንዳንዴ መቀየርም አያስፈልገውም፣ ከረጅም መቋረጥ በኋላ የሚመጣው ውሃ አሸዋና ዝገት ይዞ ስለሚወርድ አንዲት ጠጠር ሥሩ ገብታ ይሆናል። ጥረጊውና ሞክሪው።

ቴፍሎን፣ ያ ውሃ እንዳያሾልክ የሚያደርገው ነጭ ስስ ጥቅል፣ የሚጠቀለለው እየተጠመዘዘ በሚገጥመው የቧንቧ ጥርስ ላይ ነው፣ ወደሚጠብቅበት አቅጣጫ፣ ስምንት አሥር ዙር ያህል። ጎማ ያለበት ማገናኛ ላይ ቴፍሎን አያስፈልግም። በእጅሽ አጥብቀሽ በመፍቻ ሩብ ዙር ብትጨምሪበት ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ስትታገይው ይሰነጠቃል። ስትጨርሺ መዝጊያውን በቀስታ ክፈቺ፣ መጀመሪያ ያ ቆሻሻ ውሃ ይፍሰስ፣ ከዚያ መጋጠሚያዎቹን በደረቅ ሶፍት እየነካሽ እርጥበት መኖሩን እዪ። አዲሱ ሥራሽ በመጀመሪያው የፈረቃ ሌሊት ብቻውን እንዳይሆን፣ ቤት ካልዋልሽ ወይም ከተኛሽ መዝጊያውን ዝጊው።

ግድግዳ ውስጥ የተቀበረውን ግን ተዪው። ፕላስቲኩ ቱቦ የሚገጣጠመው በማሽን እየተሞቀ ነው፣ ያንን በእጅ አትሞክሪውም። ቦይለርም እንደዚያው፣ መብራት አለበት።

ጥያቄ፦ የሲንኩ ፍሳሽ ተዘግቶብኛል። በረኪና ደፋሁበት፣ አልሄደም። አሲድ ልጨምርበት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በጭራሽ! በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ሳንባ ይጎዳል። መስኮቱን ክፈት፣ ብዙ ውሃ ጨምርበትና ታጥቦ እስኪወርድ ጠብቅ። ከዚያ ጓንት አድርግ፣ ከሲንኩ ሥር ባልዲ አስቀምጥና ሲፎኑን፣ ማለትም ከሥሩ ያለውን ጠማማ ቱቦ፣ በእጅህ ፍታው። የምታገኘው የረጋ የወጥ ቅባትና የእንጀራ ፍርፋሪ ነው። በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠበው፣ ጎማውን ሳትረሳ መልሰህ ግጠም።