ለልብ ወለድህ፦ ማስረጃው «ባዶ» በሚባለው ፋይል ውስጥ ይሁን

ወንድማችን የጠየቅኸው ይህ ነው፦ ጎንደር ፒያሳ ባለ ስቱዲዮ ውስጥ ዜማ ደራሲው ማታ በቀረጻ ላይ እያለ ተገድሎ ይገኛል፤ በማይክ ኮረንቲ ሊሞት ይችላል ወይ? ገዳዩ ቀረጻ አልተረፈም ብሎ ከሄደስ መርማሪው በምን ይደርስበታል?

በማይኩ አትግደለው። ለኮንደንሰር ማይክ (ለመሥራት ኮረንቲ ለሚፈልገው የስቱዲዮ ማይክ) የሚላከው፣ ፋንተም የሚባለው ኃይል 48 ቮልት ነው፤ በ6.8 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች ስለሚያልፍ ሽቦው ቢገናኝ እንኳ ከ14 ሚሊ አምፔር ብዙም አይዘልም፤ ሰው አይገድልም። ስቱዲዮ የሚያውቅ አንባቢ እዚያ ገጽ ላይ መጽሐፉን ይዘጋዋል። አገዳደሉን ቀለል አድርገህ ድካምህን ቀረጻው ላይ አውለው።

መብራት ይሂድ፤ ኮምፒውተሩም ዩፒኤስ (መጠባበቂያ ባትሪ) የሌለው ዴስክቶፕ ይሁን። ዌቭ ፋይል (ስቱዲዮ የሚቀርጽበት የድምፅ ፋይል ዓይነት) ሲቀረጽ ድምፁ እየተከታተለ ዲስክ ላይ ይጻፋል፤ ርዝመቱ ግን በብዙ ሶፍትዌሮች ፋይሉ መጀመሪያ ላይ የሚሰፍረው ቀረጻው በሥርዓት ሲቆም ነው። መብራት ድንገት ከሄደ ዜሮ እንደሆነ ይቀራል። ገዳዩ መብራት ሲመጣ ከፍቶ ያየዋል፤ ዜሮ ሰከንድ ይላል፤ ባዶ ነው ብሎ ይተወዋል። መርማሪው ግን መጠኑን ይመልከት፦ በ48 ኪሎ ኸርዝ፣ 24 ቢት፣ ሞኖ ከተቀረጸ አንድ ደቂቃ 8.64 ሜጋባይት ይይዛል፤ ፋይሉ 216 ሜጋባይት ከሆነ ውስጡ 25 ደቂቃ ድምፅ አለ ማለት ነው። ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ሶፍትዌር ላይ እንደ ጥሬ ዳታ አስገብቶ ይሰማዋል። ሳምፕል ሬቱን (በሰከንድ የሚወሰደውን የድምፅ ናሙና ብዛት) በ48,000 ፈንታ 44,100 ብሎ ከሞላ ድምፁ ወፍሮ፣ ተጎትቶ ይወጣል፤ 16 ቢት ካለ ደግሞ የሚሰማው ጫጫታ ብቻ ነው። እነዚህ ሁለት ስህተቶች ብቻ ጥሩ ምዕራፍ ይወጣቸዋል። የመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ግን ሜሞሪ ላይ ስለነበሩ ይጠፋሉ፤ መብራት ከሄደ በኋላም ማይኩ አይሠራም። ስለዚህ ጠቡ ይሰማ እንጂ ግድያው አይሰማ።

ጠቡ የተነሳው ኮንትሮል ሩም (የቀረጻ ባለሙያው የሚቀመጥበት ክፍል) ውስጥ ከሆነ፣ ማይኩ ያለበት የቡዙ (የድምፃዊው ክፍል) በር ተዘግቶ ሳለ እንዴት ማይኩ ውስጥ ገባ የሚልህ አይጠፋም። በቶክባክ፣ ማለትም ከኮንትሮል ሩም ወደ ድምፃዊው ሄድፎን በሚያናግረው መስመር በኩል ነው። አንዱ ቁልፉን ሳያጠፋው ይቀራል፤ ንግግሩ ማይክ ስታንዱ ላይ ወደተንጠለጠለው ሄድፎን ይሄዳል፤ ኮንደንሰሩም ከሄድፎኑ የሚያፈተልከውን ይለቅማል። ቀጭንና ባስ የሌለው ድምፅ ስለሚሆን የማን እንደሆነ ወዲያው ባይለይ ትክክል ነው። ግድግዳው ላይ የእንቁላል ካርቶን ለጥፈህ «ጎረቤት አልሰማም» እንዳትል፤ ካርቶን ድምፅ አያግድም፣ ቢበዛ ቀጭኑን ነጸብራቅ ይቀንሳል። የሚያግደው ክብደት ያለው ግድግዳና ዙሪያውን ጥርቅም ብሎ የሚገጥም በር ነው።

ሰዓቱ ላይ ብዙ ጸሐፊ ይወድቃል። ኮምፒውተሩ 20:40 ሲል ምስክሩ «ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ከአርባ» ነው የሚለው። ኮምፒውተሩ 8:40 PM ቢል፣ ቸኩሎ የጻፈ ፖሊስ «ስምንት ሰዓት ከአርባ» ብሎ ይመዘግብና ተጠርጣሪው የስድስት ሰዓት ማምለጫ ያገኛል። በዚያ ላይ ኢንተርኔት የማይነካው ዴስክቶፕ የማዘርቦርድ ባትሪው (ሲአር 2032) ካለቀ፣ መብራት በሄደ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ፋይሉ ላይ ያለው ቀን አይታመንም።

ያኔ የኮረንቲው እምታ፣ ማለትም ቀረጻ ውስጥ የሚገባው የኮረንቲ ጉምጉምታ ይድረስለት፤ እኔ ከሁሉም የምወደው ማስረጃ ይሄ ነው። የመስመር ኮረንቲ 50 ኸርዝ ነው ቢባልም በየሰከንዱ በጥቂቱ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ውጣ ውረዱም በአንድ መረብ ላይ ባለ ቦታ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ያን ማታ አዘዞ ሠርግ የቀረጸ፣ ሰዓቱ የታወቀ ቪዲዮ ተገኝቶ እምታው ከተሰማበት፣ ሁለቱን አስተያይቶ ትክክለኛውን ደቂቃ ማውጣት ይቻላል። ጥቂት ሰከንድ አይበቃም፤ አስር ደቂቃና ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ስቱዲዮው በጄኔሬተር እየሠራ ከነበረ ግን አይሆንም፤ ጄኔሬተር የራሱ ውጣ ውረድ ነው ያለው።

ምክንያቱን በተመለከተ፣ «ደራሲው ከሞተ ዜማው የእኔ ይሆናል» የሚል ገዳይ አታምጣ። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው የኢኮኖሚ መብት ከሞቱ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል፤ ወራሽ አለው። ገዳይህ የሚፈልገው ዜማው መጀመሪያ ከማን አፍ እንደወጣ የሚያሳየውን ጋይድ ቀረጻ (ለመመሪያ የሚቀረጸውን የመጀመሪያ ቅጂ) ማጥፋት ይሁን፤ ደራሲውም ሃርድ ዲስኩን አልሰጥም ብሎ ይሙት።