የባል ዱላ እያለባችሁ "ፖሊስ ከጠራሁ ከቤት እባረራለሁ" ለምትሉ እህቶቼ

ዋሽንግተንና አካባቢው ስኖር ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ከነልጆቿ መኪና ውስጥ ያደረች እህት አይቻለሁ፣ ስለዚህ ሳላለሳልስ ልናገር።

1. ወረቀት። የሊዙ (የኪራይ ውሉ) ኮፒ፣ ፓስፖርት፣ የልጆች የልደት ካርድ፣ የፖሊስ ሪፖርት ቁጥር ከቤት ውጭ የምታምኑት ሰው ዘንድ ይቀመጥ።

2. ሕጉ። "911 ከደወልኩ ሴክሽን ኤይቴን (የመንግሥት የኪራይ ድጎማዬን) እቀማለሁ" የሚለውን ወሬ ተዉት። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣው፣ በኋላም የቤት ጉዳይ የተጨመረበት፣ በሴቶች ላይ የሚደርስ ጥቃትን የሚመለከተው ቫዋ (VAWA) የሚባለው የፌዴራል ሕግ፣ በፌዴራል ድጎማ በሚከራይ ቤት የምትኖርን ሴት በደረሰባት ጥቃት ሰበብ ማስወጣትን ይከለክላል። ጥቃት ለደረሰበት ወንድ ተከራይም ሕጉ ያው ነው። ደብዳቢውን ብቻ ከሊዙ አውጥቶ እሷን ማስቀረትም ይቻላል። አከራዩ ማስረጃ በጽሑፍ ከጠየቀ 14 የሥራ ቀን አላችሁ፤ የፌዴራሉን የቤቶች መሥሪያ ቤት (የሀድን፣ HUD) 5382 የሚባለውን ቅጽ ራሳችሁ ሞልታችሁ መፈረም አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። በደል ከደረሰባችሁ ለሀድ አቤት የምትሉት በአንድ ዓመት ውስጥ ነው። ዲሲ ያላችሁ ደግሞ የፍርድ ቤት እግድ (እንዳይደርስባችሁ የሚከለክል ትእዛዝ) ይዛችሁ በጽሑፍ ስትጠይቁ አከራዩ በ5 የሥራ ቀን ቁልፍ መቀየር አለበት።

3. እኛ። የፌዴራሉ ሕግ ባለቤቱ ራሱ የሚኖርበትን ቤት ቤዝመንት (ምድር ቤት) ብዙውን ጊዜ አይነካም። አዲስ የመጣ ሐበሻ የሚከራየው ደግሞ ያንኑ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 አንዲት ልጅ ቤዝመንታችንን ልታይ መጣች። ሁለት ልጆች፣ አንድ ፌስታል ልብስ። የትንሹ ልጅ ጫማ ግራና ቀኙ ተቀያይሯል። "ባለቤትሽስ?" አልኳት። "ትቼው ወጥቼ ነው" አለችኝ፣ መሬት መሬት እያየች። ሰውየው ሌሊት መጥቶ በር ሲደበድብ፣ ጎረቤት ሲሰማ ታየኝ። "ትናንት ተይዟል እኮ" አልኳት። ባዶው ክፍል በመስኮቱ ወለል ብሎ ይታያል። "እግዚአብሔር ይስጥልኝ" ብላ ልጆቿን ይዛ ሄደች። በሦስተኛው ሳምንት ወደ እሱ መመለሷን ሰማሁ። ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም። ማንም ሕግ አልጠየቀኝም፣ እኔ ግን ያቺን ጫማ ዛሬም አልረሳኋትም።

እናንተስ? "ባልና ሚስት ወይም ላጤ ሠራተኛ ብቻ" እያላችሁ የምታከራዩ፣ ማንን በር ላይ እንደምትመልሱ ታውቃላችሁ? ሽማግሌዎቻችን፣ "ለልጆችሽ ስትይ ቻይው" ብላችሁ ስትመልሷት ማታ አብራችኋት አታድሩም! ገመናን መሸፈን ዱላን መሸፈን አይደለም። ሰውየውን ከፈራችሁ እግድ አውጡበት፣ 911 ደውሉ። እሷን አትቅጧት። ዕቁብ ያላችሁ ሴቶች ዙሩን ለእሷ አስቀድሙላት፤ ብዙ ጊዜ የሚያስመልሳት ዲፖዚት (የኪራይ መያዣ ገንዘብ) ማጣት ነው።

ዛሬ ማታ መውጫ ያጣሽ እህቴ፣ እሱ በሌለበት ሰዓት ለብሔራዊው የቤት ውስጥ ጥቃት የእርዳታ መስመር 1-800-799-7233 ደውይ። እንግሊዝኛው ቢያስቸግርሽ "አምሃሪክ" (Amharic) በይ፤ አስተርጓሚ ያገናኙሻል።