ኮከቡ ጫፍ እንዲኖረው፦ ለወጣት ሰፊዎች

ልጆቼ፣

በደብረ ማርቆስም በባሕር ዳርም ቁርጥራጭ ጨርቅ እያጋጠማችሁ ኮከብ ያለበት የግድግዳ ጌጥ መሥራት ጀምራችኋል። ዕድሜዬን በልብስ ስፌት የፈጀሁ ሰው ነኝና ሥራችሁን ሳይ ደስ ይለኛል። ነገር ግን ከምታሳዩኝ አብዛኛው አንድ ሕመም አለበት፤ ቀለሙ ያማረ፣ የኮከቡ ጫፍ ግን የተቀነጠሰ ነው። ሰፊው በመቀሱ ወይም በመኪናው ያሳብባል። ጥፋቱ ግን ከጀርባ፣ ማንም በማያየው የስፌት ትርፍ ላይ፣ ማለትም ከስፌቱ እስከ ጠርዙ በሚቀረው ጨርቅ ላይ ነው።

ጨርቅን በኮከብ ማጋጠም በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአሜሪካ ሴቶች ዘንድ የተስፋፋ ሙያ ነው። እዚያው አገር ያሉት ላኮታ የተባሉ ነባር ሕዝቦች በትልቅ ኮከብ የተሠራ ድርብ ልብስ ለሚያከብሩት ሰው ያለብሳሉ። እኛ ዘንድ የተጣጣፈ ጨርቅ የችግር ምልክት ሆኖ ስለኖረ፣ እናቶቻችሁ «ድሪቶ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል እንዴ?» ቢሏችሁ አትቀየሙ። አትከራከሩም። ጫፉ የሰላ ኮከብ ስታሳዩአቸው ጥያቄው በራሱ ይቀራል።

እኔ ያለ ቁጥር ማስተማር አልችልበትም። ሲያልቅ 24 ሴንቲ ሜትር በ24 የሚሆን አንድ ኮከብ እንውሰድ። የመካከሉ ካሬ ሲያልቅ 12 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ፣ በየጎኑ 6 ሚሊ ሜትር ትርፍ ጨምራችሁ 13.2 ትቆርጣላችሁ። ከመደቡ፣ ማለትም በኮከቡ ዙሪያ ከሚታየው ጨርቅ፣ 13.2 በ7.2 የሆኑ አራት ቁራጮችና ለማዕዘኖቹ አራት የ7.2 ካሬዎች፣ ከኮከቡ ቀለም ደግሞ ለጫፎቹ ስምንት የ7.2 ካሬዎች ያስፈልጋሉ። በድምሩ 17 ቁራጭ መሆኑ ነው።

ጫፎቹን አስቀድማችሁ በሦስት ማዕዘን አትቁረጡ። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ጨርቃ ጨርቅ የምትማሩት ምክንያቱን ከእኔ በተሻለ ታስረዳላችሁ፤ በሰያፍ የተቆረጠ ጠርዝ ድሩንም ማጉንም ስለማይከተል እጅ በነካው ቁጥር ይለጠጣል። ይልቅ ትንሹን ካሬ በረጅሙ ቁራጭ አንድ ጫፍ ላይ ፊት ለፊት ደርቡት፤ ከጥግ ወደ ጥግ ስፉት፤ ከስፌቱ ውጭ፣ በቁራጩ ጥግ በኩል፣ 6 ሚሊ ሜትር አስተርፋችሁ ቁረጡና ግለጡት። በሌላው ጫፍም እንዲሁ አድርጉ፤ ሁለቱ ስፌቶች በአንዱ ረጅም ጎን መሐል አጠገብ፣ ከጠርዙ 6 ሚሊ ሜትር ገባ ብለው መሻገር አለባቸው። ከመካከሉ ካሬ ጋር ስታጋጥሙት መርፌው በዚያች መሻገሪያ ላይ ይለፍ። አልፏት ወደ ውስጥ ከገባ ጫፉ ተበላ ማለት ነው።

አንድ ሚሊ ሜትር ምን ታመጣለች የሚል ሰው አይጠፋም። ዘጠኝ ኮከብ ሦስት በሦስት ሲደረደር 72 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። ከዳር እስከ ዳር ስምንት መጋጠሚያ አለ፤ በየኮከቡ ሁለት ሁለት፣ በኮከቦቹ መካከል ደግሞ ሁለት። ትርፉ በ1 ሚሊ ሜትር ከሰፋ ስፌቱ ከግራም ከቀኝም ስለሚበላ 2 ሚሊ ሜትር ይጠፋል፤ በስምንቱ 16 ሚሊ ሜትር። ወጣቱ ያን ጊዜ ምን ያደርጋል? ጨርቁን ይጎትታል። ተጎትቶ የተሰፋ ጨርቅ ውሎ አድሮ ወደ ነበረበት ይሰበሰባል፤ ጌጡም ምጣድ ላይ እንዳለ ቂጣ እዚህም እዚያም ያብጣል። አልጋ ላይ ቢነጠፍ ባልታየ ነበር፤ ግድግዳ ግን ምንም አይሸሽግም።

ስለዚህ በመኪናው ብረት ላይ ከመርፌው 6 ሚሊ ሜትር አርቃችሁ ፕላስተር ለጥፉና ጠርዙን በእርሱ እያስጠጋችሁ ስፉ። መጀመሪያ አንድ ኮከብ ብቻ ሠርታችሁ ለኩ። ዳር እስከ ዳር 25.2 ሴንቲ ሜትር (24ቱና በየዳሩ ገና ያልተሰፋው 6 ሚሊ ሜትር ትርፍ) ካልሆነ ፕላስተሩን አስተካክሉ እንጂ የቀሩትን ስምንቱን አትቁረጡ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የተባለው ለዚህ ነው።

ጨርቁ ጥጥ ይሁን። ከሰፊ ቤት የሚለቀመው ቁርጥራጭ ብዙው ድብልቅ ነው፤ ከጠርዙ ክር መዛችሁ አቃጥሉ። ጥጥ አመድ ይሆናል፤ ፖሊስተር ቀልጦ ይጠጥራል። ቀዩን ከነጭ አቡጀዲ ጋር ከማጋጠማችሁ በፊት እጠቡት። በእኛ በጎጃም ሰፊ ቤቶች የማይጠፋው አረንጓዴ ካኪ ቀለሙ ይማርካል፤ ነገር ግን ወፍራም ስለሆነ ሲታጠፍ ልካችሁን ይበላል። ለዙሪያው ጠርዝ አድርጉት። ካውያውንም አትጎትቱ፤ አስቀምጡ፣ አንሡ፣ አስቀምጡ። መብራት ጠፍቶ በከሰል ካውያ የምትተኩሱ ደግሞ አመዱን አራግፉ፤ ነጭ መደብ ላይ ያረፈ አመድ ማሳዘኑ አይቀርም።

ጋቢ አራት እጥፍ ነው፤ ይህ ሥራ ሦስት ንብርብር ይበቃዋል፤ ፊቱ፣ መሐሉ ባዘቶ፣ ጀርባው አቡጀዲ። ባዘቶው ከቤት የሚገኝ ነው፤ ዳሩ ግን ይሸሻል፤ አንድ ቦታ እንዳይከማች ሦስቱን አያይዞ የሚያልፈው ስፌት በየ4 ወይም በየ5 ሴንቲ ሜትሩ ይሁን። ከመሐል ጀምራችሁ ወደ ዳር ሂዱ።

ጥጉን በምስማር አትስቀሉት፤ መሐሉ ይረግባል። ከጀርባው ላይኛ ጠርዝ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የጨርቅ ቱቦ ስፉበትና ቀጥ ያለ ዘንግ አስገቡ። ፀሐይ በቀጥታ ከሚመታው ግድግዳም አርቁት፤ ቀለሙን ያነጣዋል።

ዋጋ ስትጠየቁ «ቁርጥራጭ አይደል እንዴ?» የሚል ገዢ ይመጣባችኋል። ከመቁረጥ እስከ ጠርዙን መቀምቀም የፈጀባችሁን ሰዓት በደብተር ጻፉና በሰዓቱ አስከፍሉት። ለመጪው ሳምንት አድርሱልኝ የሚለውን ደግሞ በትሕትና የታተመ ጨርቅ ወደሚሸጥበት ሱቅ ምሩት።