መልስ፦ የጄሰን ጭምብል የት ገባ?

«ፍራይደይ ዘ ሰርቲንዝ» የሚባለውን አስፈሪ ፊልም አውርደህ ጨርሰህ፣ የታወቀው ጭምብል ለባሽ ገዳይ ጄሰን ጭምብሉን አድርጎ ስላላየኸው ተሳስቼ ሌላ ፊልም አውርጄ ይሆን ብለህ ጠይቀሃል። የተሳሳተ ፊልም አላወረድክም። እ.ኤ.አ. በ1980 በወጣው የመጀመሪያው «ፍራይደይ ዘ ሰርቲንዝ» ላይ ያ የሆኪ በረኞች የሚያደርጉት ዓይነት ጭምብል ጭራሽ የለም። ገዳይዋም የጄሰን እናት ናት። ጨርሼዋለሁ ስላልክ ነው የምነግርህ።

ጄሰን ራሱ መግደል የሚጀምረው በ1981 በወጣው ሁለተኛው ክፍል ነው። ያኔም ፊቱን የሸፈነው በአንድ ዓይኑ በኩል ብቻ የተበሳ ከረጢት ነው። ጭምብሉን የሚያገኘው በሦስተኛው፣ በ1982 ነው። ቸኩለህ ሁለተኛውን እንዳትዘለው ግን፤ እኔን ከሦስቱ ያስፈራኝ እሱ ነው፣ ከረጢቱ ከጭምብሉ ይበልጥ ያስፈራል።

አንድ ነገር ልብ በል። ሦስተኛው የተቀረጸው ለስሪ ዲ፣ ማለትም በልዩ መነጽር ሲታይ ነገሮች ከስክሪኑ የሚወጡ እንዲመስሉ ተደርጎ ነው። በተራ ስክሪን ስታየው ዮዮ (በክር የታሰረ መጫወቻ) ሳይቀር ዝም ብሎ ወደ ካሜራው ይወረወራል። ኮፒው ተበላሽቷል ብለህ ሌላ ለማውረድ ካርድህን አትጨርስ።