መልስ፦ የሜሪዮን ሥዕል ጥቁረት ከየት መጣ?

ወንድሜ፣ «ለ ስትሪዥ» የተባለው ሥዕል በብዕር የተሳለ ነው ወይ ብለህ ጠይቀሃል። አይደለም፤ ከመዳብ ላይ የታተመ ነው። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ሻርል ሜሪዮን በ1853 እ.ኤ.አ. የሠራው ነው።

መዳቡ መጀመሪያ አሲድ የማያሳልፍ ሰም ይቀባል። ሠዓሊው ሰሙን በመርፌ ይጭራል። አሲድ ውስጥ ሲገባ የሚበላው የተጫረው ቦታ ብቻ ነው። ለሰማይ የሚሆነው ቀጭን መስመር አሲዱ ይበልጥ እንዳይበላው ቶሎ በቫርኒሽ ይሸፈናል። ጥላ የሚሆነው ግን አሲድ ውስጥ ደጋግሞ ይነከራል፤ በጠለቀ ቁጥር ብዙ ቀለም ይይዛል። ከዚያ ቀለም ተቀብቶ ላዩ ይጠረጋል፣ እርጥብ ወረቀት ተደርቦ በማተሚያ ይጨመቃል።

በሥዕሉ ላይ ያለውን፣ የፓሪሱን ኖትርዳም ካቴድራል ባለ ቀንድ ፍጡር ጠጋ ብለህ እየው። አገጩን በእጁ ደግፎ፣ ምላሱን አውጥቶ፣ ፓሪስን ቁልቁል ያያል። ወፎቹም ዙሪያውን ይበራሉ። በነገራችን ላይ ሜሪዮን ቀለማትን በደንብ አይለይም ነበር። ለጥቁርና ነጭ ግን ዓይኑ ጉድ ነው!