መልስ፦ አማርኛ የቻትቦት ገደብ ቶሎ የሚሞላውና ትርጉሙ የሚዛባው ለምንድን ነው?

ጤና ይስጥልኝ። የጠየቁት ሁለት ነገር ስለሆነ ለየብቻ ልመልስ።

ገደቡ፣ ማለትም ቻትቦቱ በአንዴ የሚቀበለው የጽሑፍ መጠን፣ የሚቆጠረው በቃል ሳይሆን በቶከን (ማሽኑ ጽሑፉን በሚቆራርጥበት ቁራጭ) ነው። ኮምፒውተር ፊደላትን በሚያስቀምጥበት ዩቲኤፍ-8 በተባለው ሥርዓት አንዱ ፊደላችን 3 ባይት (የኮምፒውተር የማከማቻ መለኪያ) ይይዛል፤ «ሰላም» 9 ባይት ነው፣ በላቲን ሲጻፍ ግን 5። ማሽኑ የሚያውቃቸው ቁራጮች ዝርዝር፣ የቶከን መዝገቡ፣ ደግሞ በአብዛኛው ከእንግሊዝኛ ጽሑፍ ስለሚሠራ የእኛ ቃል ወደ ብዙ ቶከን ይበጣጠሳል፤ ገደቡም ቶሎ ይሞላል። ረጅም ሰነድ ካለዎት በአንቀጽ ከፋፍለው ያስገቡ። በላቲን መጻፉን ግን አልመክርም፤ «ጠ» እና «ተ»፣ «ቀ» እና «ከ» ይምታታሉ።

ትርጉሙን በብዛት የሚያዛባው መጥበቅና መላላት ነው፤ አጻጻፋችን አያሳየውም። «ልጁ ይመታል» በሚለው ውስጥ «መ» ከላላ መቺው ልጁ ነው፤ ከጠበቀ ተመቺው እሱ ነው። እኛ ስናነብ ከአውዱ እንረዳዋለን። ማሽኑም የሚገምተው ከአውድ ነው፣ ነጠላ ዓረፍተ ነገር ሲሰጡት ግን የሚይዘው ነገር የለም። ስለዚህ ተሳቢውን ወይም አድራጊውን ይጨምሩለት፦ «ልጁ ኳሱን ይመታል»፣ «ልጁ በወንድሙ ይመታል»። እኔ ከሁሉ በፊት የማየው ይህንን ነው።

የፊደል ምርጫዎም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ይሁን። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለእኛ አንድ ቃል ናቸው፤ ወደ ማሽኑ የሚገቡት ግን እንደ ሁለት የተለያዩ የባይት ተራዎች ነው።