ዝናብ ሳይኖር ወባ ከየት ይመጣል?

ሰላም ወንድሜ። ድሬዳዋ ግንባታ ላይ እንደምትሠራ፣ የደቻቱ ወንዝ ደርቆ ሳለ ሦስታችሁ በወባ እንደተያዛችሁ ጽፈህ «ከየት መጣ?» ብለሃል። ከሳይታችሁ በርሜል ሳይሆን አይቀርም።

አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባል ከእስያ የመጣች ትንኝ አለች። ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2016 ሶማሌ ክልል ቀብሪደሃር ነው። ነባሯ የወባ ትንኝ ዝናብ ትጠብቃለች፤ ይቺ ግን ሰው ያጠራቀመው ውሃ ይበቃታል። በ2022 በበጋ ድሬዳዋ ላይ የተነሣው ወባ ከእሷ ጋር ተያይዟል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ደግሞ በርሜል የሌለው ማን አለ?

ኮንክሪት የምታጠጡበትን ገንዳ ጠጋ ብለህ እየው። ውሃው ላይ ጋደም ብለው የሚንሳፈፉ ቀጫጭን ትሎች ካሉ የወባ ትንኝ እጭ ናቸው። ጭንቅላታቸውን ዘቅዝቀው የተንጠለጠሉት ዴንጊና ቺኩንጉንያ የሚባሉትን የትኩሳት በሽታዎች የምታስተላልፈዋ ትንኝ እጭ ሊሆኑ ይችላሉ (እሷ ቀን ነው የምትነክሰው፤ የማታ አጎበር ብዙም አያድንህም)። በየሳምንቱ ድፉት፣ ውስጡን ፈግፍጉት። የማይደፋውን ግጥም አድርጋችሁ ክደኑ። ፎርማኑ «ውሃ ባከነ» ካለ ሦስት ሠራተኛ ሲተኛበት የሚባክነውን ቀን ያስላ። ትኩሳቱ ከተመለሰብህ ደግሞ በግምት መድኃኒት አትግዛ፤ ጤና ጣቢያ ሄደህ ደምህን አስመርምር።